ወረራ ያለፈባት ፖላንድ፤ የአንድ ካህን ቤተ ሰብና የአንድ ሕዝብ መታሰቢያ

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፖላንድ ላይ በተከፈተ ወረራ እንደ ተጀመረ ትምህርት ቤት የገባ ሁሉ ያውቃል። ብዙዎቻችን የማናውቀው ከዚያ በኋላ በነበሩት ስድስት ዓመታት በሀገሪቱ ላይ ምን እንደ ደረሰና ሕዝቡ ያንን ዘመን እስከ ዛሬ እንዴት እንደሚያስታውሰው ነው። ነገሩ ለታሪክ ምሁራን ብቻ የሚተው አይደለም። የፈረሱ አብያተ ክርስቲያናት፣ በግፍ የተገደሉ ካህናት፣ ስለ ባልንጀራቸው ራሳቸውን አሳልፈው የሰጡ ሰዎች አሉበት። በባልንጀራቸው ላይ እጃቸውን ያነሡ ክርስቲያኖችም አሉበት። ስለ ኋለኞቹ መናገር ስለ ፊተኞቹ እንደ መናገር አይቀልም፤ ፖላንዳውያን ስለዚያ ዘመን ዛሬም የሚከራከሩት በአብዛኛው በዚሁ ምክንያት ነው።

ዘመኑን ሁሉ በአንድ ጽሑፍ መዘርዘር ስለማይቻል የአንድ ኦርቶዶክሳዊ ካህንን ቤተ ሰብ ይዘን እንጓዛለን። ቀኖቹንና ዓመታቱን የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ከወረራው በፊት የፈረሱት

ቀሲስ ሺሞን ፌዶሮንኮ በፖላንድ ጦር ውስጥ ኦርቶዶክሳውያን ወታደሮችን የሚያገለግሉ ካህናት አለቃ ነበሩ። «ፖላንድ የካቶሊኮች ሀገር አይደለችምን?» የሚል አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም፤ ዛሬ እንዲያ ናት። ከጦርነቱ በፊት ግን ወሰኗ ወደ ምሥራቅ የሰፋ ስለ ነበር ከ35 ሚሊዮን ያህል ነዋሪዎቿ መካከል ከሦስት ሚሊዮን የሚበልጡት አይሁድ፣ አራት ሚሊዮን ያህሉ ደግሞ ኦርቶዶክሳውያን ነበሩ። ከእነዚህም አብዛኞቹ ዩክሬናውያንና ቤላሩሳውያን ናቸው። ቤተ ክርስቲያናቸው የኬልቄዶንን ጉባኤ ከሚቀበሉት የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ወገን ስትሆን፣ በ1924 ከቁስጥንጥንያ መንበር ራሷን ችላ የመተዳደር መብት አግኝታለች።

ይህች ቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያውን ከባድ መከራ የተቀበለችው ከባዕድ ወራሪ አልነበረም። በ1938፣ ከሜይ እስከ ጁላይ ባሉት ወራት፣ የፖላንድ መንግሥት ራሱ በሄውም አካባቢና በደቡባዊ ፖድላሼ ከ100 በላይ አብያተ ክርስቲያናትንና የጸሎት ቤቶችን አፈረሰ። የተሰጠው ምክንያት ሕንፃዎቹ የሩሲያ ነገሥታት አገዛዝ ቅሪት ናቸው፣ ቁጥራቸውም ለምእመናኑ ከሚያስፈልገው በላይ ነው የሚል ነበር። እውነተኛው ዓላማ አካባቢውን በቋንቋም በሃይማኖትም ፖላንዳዊ ማድረግ ነው። ሥራውን ያስተባበሩት የአካባቢው የጦር አዛዦች ሲሆኑ፣ ደጁን ይዘው የተቃወሙትን ምእመናን ፖሊስ በኃይል በተናቸው። ያን ጊዜ ዝም ካላሉት አንዱ የሊቪቭ ግሪክ ካቶሊኮች ሊቀ ጳጳስ አንድሬ ሼፕቲትስኪ ናቸው፤ ድርጊቱን በጽሑፍ በይፋ አውግዘዋል። በሌላ ቤተ ክርስቲያን ላይ የደረሰን በደል እንደ ራሳቸው በደል መቁጠራቸው ሳይጠቀስ ሊታለፍ አይገባም።

ቀሲስ ሺሞን የሚያገለግሉት ጦር እንግዲህ ይህን ያደረገው ጦር ነው። በዓመቱ ጦርነት ሲነሣ ግን ከዚያው ጦር አልተለዩም።

ከሁለት ወገን የመጣ ወረራ

ኦገስት 23 ቀን 1939 ናዚ ጀርመንና ሶቪየት ኅብረት በሞስኮ ላይ እርስ በርስ ላለመዋጋት ሲዋዋሉ፣ ከውሉ ጋር በምሥጢር ባያያዙት ጽሑፍ ፖላንድን ለሁለት ተካፈሏት። ሴፕቴምበር 1 ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 26 ቀን 1931 ዓ.ም፣ የጀርመን ሠራዊት ከምዕራብ ገባ። ሴፕቴምበር 17 ቀን ደግሞ የሶቪየት ሠራዊት ከምሥራቅ ገባ። የፖላንድን የወረራ መታሰቢያ ከሌሎች የአውሮፓ ሀገሮች የሚለየው ይህ ነው። ፈረንሳይ ወይም ኖርዌይ ስለ ወረራ ስትናገር አንድ ጠላት ታስባለች፤ ፖላንድ ግን ሁለት ታስባለች። ከሁለቱ አንዱ በመጨረሻ «ነጻ አውጪ» ተብሎ ተመልሶ መጥቷልና ስለ እርሱ ግፍ ለመናገር ግማሽ ምእተ ዓመት ያህል አልተቻለም።

በሶቪየት እጅ በወደቀው ምሥራቃዊ ክፍል ቤተ ሰቦች በሙሉ ከቤታቸው እየተነሡ በዕቃ መጫኛ ባቡር ወደ ሳይቤርያና ወደ ካዛኽስታን ተጋዙ። የመጀመሪያው ግዞት የተጀመረው ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1940 በጽኑ ብርድ ነው። የሶቪየት የጸጥታ መሥሪያ ቤት መዝገብ በአራት ዙር የተጋዙትን 320 ሺሕ ያህል ያደርሳቸዋል። ከእነዚህ ውስጥ የተወሰኑት በ1942 ከጄኔራል አንደርስ ጦር ጋር በኢራን በኩል ወጡ፤ ወደ 20 ሺሕ የሚጠጉ ሴቶች፣ ሕፃናትና አረጋውያንም ወደ ምሥራቅና ደቡብ አፍሪካ የእንግሊዝ ግዛቶች መጡ። በዛሬዋ ታንዛኒያ፣ ከአሩሻ ከተማ አጠገብ ባለችው ቴንገሩ፣ አምስት ሺሕ ያህል ፖላንዳውያን ለዓመታት ሰፍረው ነበር። የመቃብር ቦታቸው እስከ ዛሬ አለ። ከሳይቤርያ በረዶ ተርፋ በሜሩ ተራራ ሥር ያረፈች እናት መቃብር በአህጉራችን መኖሩን ከእኛ ስንቱ ሰምቶ ይሆን?

የጦር መኮንኖቹ ዕጣ ግን የተለየ ነበር። በማርች 5 ቀን 1940 ስታሊንና ባልደረቦቹ በፈረሙት ትእዛዝ፣ በምርኮ የተያዙ መኮንኖች፣ ፖሊሶች፣ ዳኞች፣ ሐኪሞችና መምህራን፣ በጠቅላላው 22 ሺሕ ያህል ሰዎች፣ በኤፕሪልና በሜይ ወራት እየተወሰዱ ማጅራታቸውን በጥይት ተመትተው ተገደሉ። ከመካነ መቃብሮቹ በጣም የታወቀው በስሞሌንስክ አጠገብ ያለው የካቲን ጫካ ስለሆነ ግድያው ሁሉ «ካቲን» ይባላል። ከብዙዎቹ ሟቾች ሙያ እንደምንረዳው፣ የተፈለገው ሕዝቡን ያለ አለቃና ያለ መምህር ማስቀረት ነው። ቀሲስ ሺሞን ፌዶሮንኮ እዚያ ተገደሉ። በዚያው ጦር የአይሁድ ወታደሮች ዋና ረቢ የነበሩት ባሩክ ስታይንበርግም በዚያው ግድያ አልፈዋል።

ጀርመኖች መቃብሩን አግኝተው ነገሩን ለዓለም ያወጁት ኤፕሪል 13 ቀን 1943 ነው። ሶቪየት ኅብረት ግን ወዲያው «ገዳዮቹ ራሳቸው ጀርመኖች ናቸው» አለች፤ ይህንኑም በትክክል ለ47 ዓመታት፣ እስከ ኤፕሪል 13 ቀን 1990 ድረስ፣ ስትል ቆየች። ከጦርነቱ በኋላ በፖላንድ ላይ የተሾመው የኮሚኒስት መንግሥት ይህንን ሐሰት ለሕዝቡ ያስተምር ነበር። ሳንሱሩ ካቲንን የሶቪየት ሥራ አድርጎ የሚጠቅስ ጽሑፍ አያሳልፍም። እንግዲህ ባሏ ወይም አባቷ በካቲን የቀረባት ሴት ሐዘኗን እንኳ በእውነተኛ ስሙ መጥራት አትችልም ነበር ማለት ነው። ፖላንዳውያን «መታሰቢያ» የሚለውን ቃል ለምን በዚያ ሁሉ ስስት እንደሚይዙት መረዳት የሚፈልግ ከዚህ ይነሣ።

በጀርመን ቀንበር ሥር

በምዕራብና በመካከለኛው ፖላንድ የነበረው ኑሮ ለየት ያለ ነው። የሀገሪቱ ምዕራባዊ ክፍል ወደ ጀርመን ተጠቃለለ፤ መካከለኛው «ጠቅላይ ግዛት» ተብሎ ሃንስ ፍራንክ የሚባል ናዚ ተሾመበት። መቀመጫውንም በክራኮቭ የጥንት ነገሥታት ቤተ መንግሥት፣ በቫቬል፣ አደረገ። ወራሪዎቹ እንደ ሶቪየቶቹ በተማረው ክፍል ጀመሩ። ኖቬምበር 6 ቀን 1939 የክራኮቭ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ንግግር እንዲሰሙ ወደ አዳራሽ ተጠሩ፤ በዚያው 183 ሰዎች ተይዘው ወደ እስር ተጋዙ። ከዋርሶ ወጣ ብሎ ባለው የፓልሚሪ ጫካ ደግሞ 1,700 ያህል ሰዎች በተለያየ ጊዜ እየተወሰዱ ተረሸኑ። ከእነርሱ መካከል የቀድሞው የፓርላማ አፈ ጉባኤ ማቼይ ራታይና በ1932 በሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ በ10 ሺሕ ሜትር ያሸነፈው ያኑሽ ኩሶቺንስኪ ይገኛሉ። ገዳዮቹ ጉድጓዶቹን በሣርና በችግኝ ሸፍነዋቸው ነበር። ይሁን እንጂ የጫካው ሠራተኞች ሌሊት ሌሊት እየሄዱ ቦታዎቹን በምሥጢር ምልክት ያደርጉባቸው ስለ ነበር ከጦርነቱ በኋላ አስከሬኖቹ ተገኙ።

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች ተዘጉ። ወራሪው ለፖላንዳዊ ልጅ ከመቁጠርና ስምን ከመጻፍ ያለፈ ዕውቀት አያስፈልገውም ይል ነበር። መምህራኑ ግን ተማሪዎቻቸውን በየቤቱ በጥቂት በጥቂቱ እየሰበሰቡ ማስተማራቸውን ቀጠሉ፤ መያዝ ሞት ወይም ግዞት ቢያስከትልም። በኋላ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ተብለው የሮም ፓፓ የሆኑት ካሮል ቮይቲዋ በክራኮቭ የነገረ መለኮት ትምህርታቸውን የጀመሩት በዚህ ዓይነት በስውር ነው፤ ቀን ቀን በድንጋይ ካባና በኬሚካል ፋብሪካ የጉልበት ሥራ ይሠሩ ነበር። ጎዳና ላይ መውጣትም ዋስትና አልነበረውም። ወታደሮች መንገዱን ከሁለት አቅጣጫ ዘግተው ያገኙትን ሁሉ በጭነት መኪና ይጭናሉ፤ ከዚያ ወይ ወደ ጀርመን ለግዳጅ ሥራ ወይም ወደ ማጎሪያ ካምፕ። በጀርመን የሚሠራ ፖላንዳዊ በደረቱ ላይ በቢጫ ጨርቅ «ፔ» የሚለውን ፊደል መለጠፍ ግዴታው ነበር።

ካህናቱስ? ዳካው በሚባለው የጀርመን ማጎሪያ ካምፕ የታሰሩት የልዩ ልዩ ሀገር ካህናትና መነኮሳት 2,720 ያህል ሲሆኑ ከእነርሱ 1,780ዎቹ ፖላንዳውያን ናቸው፤ 868ቱ እዚያው ሞተዋል። በኦሽቪትዝ ካምፕ በጁላይ 1941 መጨረሻ አንድ እስረኛ ጠፋ ተብሎ ዐሥር ሰዎች በረኃብ እንዲሞቱ ሲመረጡ፣ ከተመረጡት አንዱ ስለ ሚስቱና ስለ ልጆቹ አለቀሰ። ማክሲሚሊያን ኮልቤ የተባሉ ካቶሊካዊ መነኩሴ ከሰልፉ ወጥተው በእርሱ ፈንታ ገቡ፤ ኦገስት 14 ቀን አረፉ። በ1982 በሮም ቅድስናቸው ሲታወጅ፣ ያ የተረፈው ሰው፣ ፍራንቺሼክ ጋዮቭኒቼክ፣ ሽማግሌ ሆኖ በሥፍራው ተገኝቶ ነበር።

ይህን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ያነሰ የሚታወቀው በዋርሶ ዩኒቨርሲቲ የኦርቶዶክስ ነገረ መለኮት ክፍል ትምህርተ አበውን ያስተምሩ የነበሩት ጆርጂያዊው አርክማንድሪት ግሪጎል ፔራዜ ናቸው። ሀገራቸው በሶቪየት አገዛዝ ሥር ስለ ነበረች ስደተኛ ሆነው ነው ዋርሶ የተቀመጡት። በሜይ 1942 የጀርመን ምሥጢራዊ ፖሊስ ያዛቸው፤ በኦሽቪትዝም ዲሴምበር 6 ቀን 1942 ዐረፉ። ስለ አሟሟታቸው ሁለት ዓይነት ትረካ አለ። አንደኛው በሌሎች እስረኞች ላይ ቅጣት እንዳይወርድ በደሉን በራሳቸው ላይ እንደ ወሰዱ፣ ሌላኛው የልጆች አባት በሆነ እስረኛ ፈንታ ወደ ሞት እንደ ገቡ ይናገራል። የጆርጂያ ቤተ ክርስቲያን በ1995 ከቅዱሳን ጋር ቆጥራቸዋለች።

አይሁድ፣ ጎረቤትና የተቀበረው ጽሑፍ

ጦርነቱ ሲያልቅ ፖላንድ ስድስት ሚሊዮን ያህል ዜጎቿን አጥታ ነበር፤ ግማሾቹ አይሁድ ናቸው። ይህን ቁጥር ብዙ ጊዜ አብረን እንጠራዋለን እንጂ የሁለቱ ወገኖች ዕጣ አንድ አልነበረም። ፖላንዳዊ ክርስቲያን ሊገደል ይችላል፤ አይሁዳዊ ግን ሕፃንም ሽማግሌም ቢሆን እንዲጠፋ ተወስኖበት ነበር። በዋርሶ ከ1940 መጨረሻ ጀምሮ በግንብ በታጠረው ሰፈር እስከ 450 ሺሕ ሰው ታጉሯል፤ ከጁላይ 22 ቀን 1942 አንሥቶ በሁለት ወር ውስጥ አብዛኛው ወደ ትሬብሊንካ ተወስዶ በጋዝ ተፈጀ።

በዚያ ግንብ ውስጥ ኢማኑኤል ሪንገልብሉም የተባለ የታሪክ ሊቅ ጥቂት ሰዎችን አስተባብሮ በምሥጢር ጽሑፍ ይሰበስብ ነበር። የሰበሰቡት የጦር ዜና ብቻ አይደለም፤ የዳቦ ካርድ፣ የልጆች ድርሰት፣ የከረሜላ መጠቅለያ፣ የሐኪም ማስታወሻ፣ የሾርባ ቤት ሒሳብ ሁሉ ነበረበት። ገዳዩ ብቻ ታሪክ እንዳይጽፍ ማለት ነው። ከዚያም በቆርቆሮ ሳጥንና በወተት ማጓጓዣ ዕቃ አድርገው ከምድር በታች ቀበሩት። አንዱ ክፍል በ1946፣ ሌላው በ1950 ተገኘ፤ ሦስተኛው እስከ ዛሬ አልተገኘም። ሪንገልብሉም ራሱ በ1944 ከሸሸገው ፖላንዳዊ ቤተ ሰብ ጋር ተይዞ ተገድሏል።

አይሁዳዊን መሸሸግ በተያዘችው ፖላንድ የሞት ቅጣት ነበረበት፤ ቅጣቱም በቤተ ሰቡ ሁሉ ላይ ሊፈጸም ይችላል። በማርኮቫ መንደር ዩዜፍ ኡልማ፣ ነፍሰ ጡር ሚስቱ ቪክቶሪያና ስድስት ልጆቻቸው ከሸሸጓቸው ስምንት አይሁድ ጋር ማርች 24 ቀን 1944 ተረሽነዋል። አይሁድን በማዳናቸው በኢየሩሳሌሙ ያድ ቫሼም ከተመዘገቡት ሰዎች የፖላንድ ዜጎች ከሰባት ሺሕ በላይ ሆነው ከሁሉም ሀገር ይበልጣሉ። ነገር ግን በዚያው ጊዜ፣ በዚያው ጎዳና፣ የተሸሸገን አይሁዳዊ እያስፈራሩ ገንዘብ የሚቀበሉና ገንዘቡ ሲያልቅ ለጀርመኖች የሚጠቁሙም ነበሩ። የመጀመሪያዎቹን ብቻ የሚያነሣ ተናጋሪ ውሸታም አይባልም፤ እውነቱን ግን ከግማሽ በላይ አልተናገረም።

የቮላ ሕፃናት

ወደ ፌዶሮንኮ ቤተ ሰብ እንመለስ። አባት በካቲን ሲገደሉ ሦስት ወንዶች ልጆች ነበሯቸው። አሌክሳንደር ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ በፖላንድ አየር ኃይል ሲዋጋ በ1944 ሞተ። ቪያቼስላቭና ኦሬስት በዋርሶ ቀርተው የስውሩን ጦር ተቀላቀሉ፤ ሁለቱም በዚያው ዓመት በዋርሶ ዐመፅ ወደቁ። ባሏንና ሦስት ልጆቿን በአራት ዓመት ውስጥ ያጣችው እናት ነገር በራማ የተሰማውን የራሔልን ልቅሶ ያስታውሳል።

ዐመፁ የተጀመረው ኦገስት 1 ቀን 1944 ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ነው። የሶቪየት ሠራዊት ከከተማዋ ማዶ፣ በቪስዋ ወንዝ ምሥራቅ፣ እየደረሰ ነበርና ዋርሶን ፖላንዳውያን ራሳቸው ነጻ ሊያወጧት ፈለጉ። ስታሊን ግን ግስጋሴውን ገታ። ከተማዋ 63 ቀን ተዋግታ እጅ ሰጠች፤ ከ150 ሺሕ የማያንሱ ሲቪሎች አለቁ። ከዚያም ጀርመኖች የቀረውን ሕንፃ በቃጠሎና በፈንጂ ቤት በቤት አፈረሱ።

ከሁሉ የከፋው በቮላ ሰፈር የተደረገው ነው። ከኦገስት 5 ቀን ጀምሮ በጥቂት ቀናት ከ40 ሺሕ ያላነሱ ነዋሪዎች፣ ከየቤቱ፣ ከሆስፒታልም አልጋ እየወጡ ተረሸኑ። በዚያ ሰፈር በቅዱስ ዮሐንስ ክሊማኮስ ስም የተሠራች ኦርቶዶክሳዊት ቤተ ክርስቲያን አለች። ካህናቱ ከቤተ ሰባቸው ጋር፣ በደብሩ ይኖሩ ከነበሩት ወላጅ አልባ ሕፃናት ጋር በአንድነት ተገደሉ። ሕንፃዋ ተርፋለች፤ ዛሬም ይቀደስባታል።

የዛሬዪቱን ዋርሶ የሚጎበኝ ሰው በየግድግዳው መስቀል የተቀረጸባቸው ግራጫ የድንጋይ ጽላቶች ያያል። ቅርጻቸውን ያወጣው ካሮል ቾሬክ የተባለ ቀራፂ በ1949 ነው። በዚያ ቦታ ስንት ሰው እንደ ተገደለ የሚገልጽ ጽሑፍ አላቸው፤ ሥፍራው ለሀገር ነጻነት በወደቁ ፖላንዳውያን ደም የተቀደሰ መሆኑንም ይናገራሉ። እንግዳ ሰው ከአውቶቡስ ሲወርድ አጠገቡ ያገኛቸዋል። ስለ ጽላቶቹ አንድ ነገር ልበል፤ «ፖላንዳውያን» የሚለው ቃል ብዙዎችን ሸፍኗል። በቮላ የወደቀው ካህን በእምነቱ ከብዙኃኑ የተለየ እንደ ነበረ ጽላቱን በማንበብ አይታወቅም።

ኦገስት 1 ቀን ከቀኑ 11 ሰዓት ሲሆን በከተማዋ ሁሉ የአደጋ ጥሪ ይነፋል፤ አውቶቡሱም እግረኛውም ባለበት ይቆማል። ይህ ልማድ ዛሬ ይፋ ነው። በኮሚኒስቱ ዘመን ግን ዐመፁን የመራው ስውር ጦር አባላት ከጦርነቱ በኋላ ታስረዋል፣ ተሰድደዋል፣ አንዳንዶቹም ተገድለዋል። ለዐመፁ ትልቁ ሐውልት የቆመው በ1989፣ ሙዚየሙ የተከፈተው በ2004 ነው።

ለማስታወስ የሚከብደው

እስካሁን ያልነው ሌላው በፖላንድ ላይ ያደረሰውን ነው። አሁን ደግሞ ሌላውን እንይ።

ጁላይ 10 ቀን 1941 በዬድቫብኔ ከተማ በመቶዎች የሚቆጠሩ አይሁድ በአንድ የእህል ጎተራ ውስጥ ተዘግተው ተቃጠሉ። ጀርመኖች አነሣሥተዋል፤ ያቃጠሉት ግን የሚያውቋቸው ጎረቤቶቻቸው፣ ፖላንዳውያን ናቸው። በሥፍራው ለብዙ ዓመታት ቆሞ የነበረው ድንጋይ ወንጀሉን ለጀርመን ፖሊስ ብቻ ይሰጥ ነበር። በ2000 ያን ቶማሽ ግሮስ የተባሉ ምሁር ስለዚህ ጉዳይ መጽሐፍ ሲያወጡ ሀገር ተናወጠ፤ በዓመቱ ፕሬዚዳንት አሌክሳንደር ክቫሽኔቭስኪ በሥፍራው ተገኝተው ይቅርታ ጠየቁ። ሁሉም አልተቀበለውም። በ2018 መጀመሪያ «ፖላንድ ለናዚዎች ወንጀል ተጠያቂ ናት» የሚልን በእስር የሚቀጣ ሕግ ወጣ፤ ብዙ ተቃውሞ ስለ ገጠመው በዚያው ዓመት በጁን የእስሩ ቅጣት ተነሣ። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ስጋት መሠረት የለውም አልልም፤ የጀርመንን ካምፖች «የፖላንድ ካምፖች» የሚሉ ጋዜጦች ነበሩና። ግን ታሪክን በወህኒ ቤት መጠበቅ የካቲንን ሳንሱር ለሚያስታውስ ሕዝብ የሚስማማ መሣሪያ አልነበረም።

ኦርቶዶክሳውያንም በዚህ መዝገብ በሁለቱም ወገን አሉ። በ1943 በቮሊን የዩክሬን ብሔርተኛ ታጣቂዎች በአሥር ሺሕዎች የሚቆጠሩ ፖላንዳውያንን ፈጁ፤ ጁላይ 11 ቀን እሑድ ምእመናን ለቅዳሴ ወደ ካቶሊክ አብያተ ክርስቲያናት በተሰበሰቡበት ሰዓት ገብተው ገደሏቸው። ቮሊን ከጥንት ጀምሮ የኦርቶዶክሳውያን ምድር ነች፤ ከገዳዮቹም ብዙዎቹ በኦርቶዶክስ ጥምቀት የተጠመቁ ነበሩ። ይህን ስናነብ ፊታችንን ማዞር አንችልም።

ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ፣ በ1946 በጃንዋሪ መጨረሻና በፌብሩዋሪ መጀመሪያ፣ «ቡሪ» በሚል የትግል ስም በሚታወቀው በሮሙዋልድ ራይስ የሚመራ ፀረ ኮሚኒስት የፖላንድ ቡድን በፖድላሼ የቤላሩሳውያን ኦርቶዶክሶችን መንደሮች አቃጥሎ 79 ሰዎችን ገደለ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ከጋሪያቸው ጋር ለማገዶ ሥራ የወጡ ገበሬዎች ናቸው። የሀገሪቱ ብሔራዊ የመታሰቢያ ተቋም በ2005 ድርጊቱ የዘር ማጥፋት ምልክቶች እንዳሉበት ገለጸ። ይሁንና «ቡሪ»ን ጀግና የሚሉ ወጣቶች ከ2016 ጀምሮ በሃይኑፍካ፣ የሟቾቹ ወገኖች በሚኖሩባት ከተማ፣ በስሙ ሰልፍ ይወጣሉ። ለአንዱ ነጻ አውጪ የሆነው ለሌላው የአያቱ ገዳይ ነው።

ከዚህ ሁሉ መካከል አንድ ነገር ከሌሎቹ ተለይቶ ይታየኛል። በኖቬምበር 1965፣ ጦርነቱ ካለቀ ገና ሃያ ዓመት ሲሆነው፣ የፖላንድ ካቶሊካውያን ጳጳሳት ለጀርመን ጳጳሳት ደብዳቤ ላኩ። ይቅር ማለታቸውን ብቻ ሳይሆን ይቅርታ መለመናቸውንም ጻፉበት። የኮሚኒስቱ መንግሥት በቁጣ ተነሣባቸው፤ ከምእመናኑም ብዙዎች «የተገደልነው እኛ፣ ይቅርታ ጠያቂዎቹም እኛ?» ብለው አዘኑ። ሐዘናቸው ይገባል። ከአምስት ዓመት በኋላ የጀርመኑ መሪ ቪሊ ብራንት በዋርሶ በአይሁድ ሰፈር ሐውልት ፊት ያለ ቃል ተንበረከኩ።

የካቲን ጉዳይ ግን አሁንም አልተዘጋም። በ2020 በሩሲያዋ የትቬር ከተማ፣ ፖላንዳውያን በተገደሉበት ሕንፃ ላይ የነበረው የመታሰቢያ ሰሌዳ ተነቅሎ ወርዷል። በስሞሌንስክ ጫካ በ2000 የተከፈተው የፖላንድ መካነ መቃብር እስከ አሁን አለ። የእያንዳንዱ ሟች ስም በብረት ሰሌዳ ተጽፎ በግድግዳው ላይ ተደርድሯል፤ በቅጥሩም የካቶሊኩና የኦርቶዶክሱ መስቀል፣ የዳዊት ኮከብና የሙስሊሞች ጨረቃ ጎን ለጎን ቆመዋል። የቀሲስ ሺሞን ፌዶሮንኮ ስም ከእነዚያ ሰሌዳዎች በአንደኛው ላይ ይገኛል።